እጁን አውለብልቦ ያለቀ ሰው

ወደ ዶርዜ ከሚያወጣው መንገድ ቁልቁል ሲያዩ አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ መሀላቸው የእግዜር ድልድይ። ስለ ጫሞ የምናነባቸው የጉዞ ማስታወሻዎችም ውሃውን ከዚሁ ከፍታ ያዩት ይመስለኛል። ጸሐፊው ሞተር ጀልባ ላይ ይወጣል፣ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ «አዞ ገበያ» ይከንፋል፣ አዞውን በሜትር ይለካል፣ ጉማሬውን ይቆጥራል። መረብ የሚስበው ዓሣ አጥማጅስ? እጁን አውለብልቦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል።

የሚገርመው፣ ይኸው ጸሐፊ ዶርዜ ሲወጣ ሸማኔው አጠገብ ቁጭ ብሎ ስለ ድርና ማጉ ይጠይቃል። ሐይቁ ላይስ ምን ነበረበት ሞተሩን አጥፍቶ «እንዴት ዋልክ?» ቢል? ነጭ ዓሣው መመናመኑን ከመረቡ ክብደት የሚያውቀው እኮ ያ ሰው ነው። ማስታወሻዎቹ ያምራሉ፤ ሰው ግን አላገኘሁባቸውም።