የቁጥር ፍርድ፤ በአሜሪካ አይሮፕላን ማረፊያዎች የማዕረግና የገንዘብ ድልድል ላይ የቀረበ ሂስ

መንግሥት ከሕዝብ የሰበሰበውን ገንዘብ ለብዙ ተቀባዮች ሲያድል፥ አስቀድሞ ተቀባዮቹን በየደረጃቸው መመደብ ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ምደባው መለያ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ውሎ አድሮ ራሱ ፈራጅ ይሆናል። ለዚህም የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የአይሮፕላን ማረፊያዎች አደረጃጀት ጥሩ ምሳሌ መስሎ ታይቶናል።

በዚያ አገር ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት ከሆኑት 5,000 ያህል ማረፊያዎች 3,300 የሚሆኑት በብሔራዊው የማረፊያዎች እቅድ ውስጥ ተመዝግበዋል። የፌዴራሉን የማሻሻያ እርዳታ ለመጠየቅ የሚችሉትም እነዚሁ ናቸው። እቅዱ አሁን ላለው ሥርዓት መሠረት የሆነውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው ሕግ ነው። የገንዘቡ ምንጭ የሆነው ልዩ ሣጥን ግን በ1970 የተቋቋመ ሲሆን፥ ከሚሞላባቸው ቀረጦች ዋነኛው በአገር ውስጥ ጉዞ ቲኬት ላይ የሚጣለው 7.5 በመቶ ነው።

የምደባው መሠረት የተሳፋሪ ቁጥር ነው። መደበኛ በረራ ያለውና በዓመት ቢያንስ 2,500 ሰው የሚሳፈርበት ማረፊያ «የንግድ አገልግሎት» ይባላል፤ ከ10,000 ካለፈ «ዋና» ይሆናል። ከአገሪቱ ተሳፋሪ 1 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያስተናግደው ደግሞ «ትልቅ ማዕከል» ይሰኛል።

የመጀመሪያው ነቀፌታችን እዚህ ላይ ነው። በ2000 የወጣው ሕግ፥ ለፕሮግራሙ 3.2 ቢሊዮን ዶላር በተመደበበት ዓመት ዋናው ማረፊያ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲደርሰው ደነገገ። ዋና ላልሆነው ግን የተወሰነለት የዓመት ድርሻ ከ150,000 ዶላር አያልፍም ነበር። እርግጥ ለግዛቶች ከሚሰጠው ድርሻና በውድድር ከሚገኘው ገንዘብ ተጨማሪ ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ተስፋ ከመብት ጋር አይተካከልም። በ9,999 እና በ10,001 ተሳፋሪ መካከል የመንደርደሪያው አስፋልት አይለወጥም፤ በረዶውን ለመጥረግ የሚወጣውም ወጪ ያው ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታ የ2012ን ጥናት ይመለከታል። የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ከዋናዎቹ ውጭ ያሉትን 2,952 ማረፊያዎች መርምሮ 84ቱን «ብሔራዊ»፥ 467ቱን «ክልላዊ»፥ 1,236ቱን «አካባቢያዊ»፥ 668ቱን «መሠረታዊ» ብሎ ሰየመ፤ ለ497ቱ ምድብ አልተገኘላቸውም። ሕመምተኛን ማመላለስንና የደን እሳት ማጥፋትን የመሰሉ አገልግሎቶች እንዲታሰቡ ማድረጉ ያስመሰግነዋል። ሆኖም ስሙ ሲለወጥ የ150,000 ዶላሩ ጣሪያ አልተለወጠም። ለኒው ዮርክ አካባቢ የሚያገለግለው ቴተርቦሮና አንድ የገጠር ማረፊያ በዚህ ጣሪያ ሥር እኩል ቆመዋል። ድልድሉን የማይነካ ማዕረግ ምን ይጠቅማል?

የሥርዓቱን ደግ ጎን ግን መካድ አይገባንም። ለአንድ ሥራ ፌዴራሉ በተለመደው ደንብ ለትልቆቹና ለመካከለኞቹ ማዕከሎች ከወጪው 75 በመቶ፥ ለትንንሾቹ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይሸፍናል። ትልቆቹ ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ እስከ 4.50 ዶላር ለማስከፈል ይፈቀድላቸዋል፤ ይህን ሲያስከፍሉ ግን ከተወሰነላቸው የእርዳታ ድርሻ ይቀነስባቸዋል። የበረታው ለራሱ እንዲችል፥ የደከመው እንዲደገፍ የታሰበ ነው፤ ሐሳቡም ትክክለኛ ነው።

«የታወቀ ቁጥር ባይኖር አድልዎ ይገባል» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛም ቁጥር ይቅር አላልንም። የምንለው፥ ድርሻው እንደ ገደል በአንድ ጊዜ ከመውረድ ይልቅ እንደ ተዳፋት ቀስ በቀስ ይውረድ ነው፤ ከተሳፋሪው ቁጥር ጋርም የአገልግሎቱ ዓይነት ይመዘን። ተሳፋሪን መቁጠር ቀላል ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ሕመምተኛ የሚያሳፍር ማረፊያ ለአካባቢው ሕዝብ ያለውን ዋጋ ማወቅ ግን ከባድ ነው፤ የአስተዳደር ጥበብ የሚፈተነውም በዚሁ በከባዱ ነው።