«ነውጥ መጣጭ»፦ ስለ አንድ የመኪና ክፍል ስያሜ

በእጃችን የገባው ጽሑፍ ባለ መኪና የሆነ ሰው ያረጁ ሾክ አብዞርበሮችን በግቢው ውስጥ ራሱ እንዲለውጥ የሚያስተምር፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ አጭር መምሪያ ነው። ተርጓሚው የሰዋስው ስሕተት አልፈጸመም፤ ዐረፍተ ነገሮቹም የተስተካከሉ ናቸው። የምንነቅፈው ስያሜውን ነው። «ሾክ አብዞርበር» የሚለውን ቃል በቃል ወስዶ «ነውጥ መጣጭ» ብሎታል። እኛም ከዓመታት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ይህንኑ የመሰለ ስያሜ ደግፈን ስለ ነበር ነቀፌታው ራሳችንንም ይጨምራል።

እንግሊዝኛው ራሱ አሳሳች ነው። መንገዱ የሚሰጠውን ምት በመጀመሪያ የሚቀበለው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሞላ ግን የተቀበለውን መልሶ ይሰጣል፤ አንዴ ከተጫነ ደጋግሞ ይነጥራል። ሾክ የሚባለው ክፍል ሥራው ይህን መንጠር መግታት ነው፤ በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እየገፋ ሲያሳልፍ የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከዚህም የተነሣ የእንግሊዝ መሐንዲሶች በሙያ ጽሑፋቸው «ዳምፐር» ማለትን ይመርጣሉ፤ የጣልያንኛው «አሞርቲዛቶሬ» እና የፈረንሳይኛው «አሞርቲሰር»ም ማደንዘዝን ከሚያመለክት ግሥ የወጡ ናቸው። ባሌስትራን፣ ፍሪሲዮንን፣ ኩሽኔታንና ዳዶን ከጣልያንኛ የወሰደው የጋራዥ አማርኛ ለዚህኛው የእንግሊዝኛውን ግማሽ ቆርጦ «ሾክ» ይለዋል፤ ቃሉን ወሰደ እንጂ የተሳሳተውን ሐሳብ አልተረጐመም።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የተረዳነው ባለፈው ክረምት፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሁሩሙ ነው። በዚያ አካባቢ ከዋናው መንገድ ወደ ቡናው ጫካ የሚገቡት ኮረኮንች መንገዶች ለሾክ አይራሩም። አንድ አባት በግቢያቸው የፒክአፓቸውን የኋላ ሾኮች ሲለውጡ አገኘናቸው። የመኪናውን ማዕዘን በሁለት እጃቸው ጫን አድርገው ለቀቁት፤ ሦስት ጊዜ ነጠረ። «ሞቷል» አሉን። የፒክአፑ ኋላ ባለ ባሌስትራ ስለሆነ ሾኩ ለብቻው ቆሞ ከላይና ከታች በቡሎን ይታሰራል፤ መለወጡ ብዙ አላስቸገረም። ከልጃቸው ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ሲነጋገሩ ሾክ፣ ሞላና ዳዶ የሚሉት ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ሳይለወጡ ይመላለሱ ነበር።

ቀጥሎ የጎረቤት ኮሮላ የፊት ሾክ ተራ ደረሰ። ልጁ ያንኑ መምሪያ ከስልኩ አውጥቶ «የነውጥ መጣጩን የላይኛውን ዳዶ ፍታ» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበና መፍቻውን በመካከል ባለው ዳዶ ላይ ሰካ። አባትየው እጁን ያዙት። በእንደዚህ ዓይነቱ መኪና የፊት እግር ላይ ሾኩ በሞላው ውስጥ አልፎ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ይቆማል። ጥምሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙት ዳዶዎች በዙሪያው ያሉት ናቸው፤ የመካከለኛው ግን በብዙ መቶ ኪሎግራም ኃይል የታመቀውን ሞላ አፍኖ የያዘ ነው። ሞላው በማመቂያ ሳይታሰር ይህን ዳዶ የሚፈታ ሰው ነፍሱን ለአደጋ ያጋልጣል። ተርጓሚው ሾኩንም፣ ሾክና ሞላ የተጣመሩበትንም እግር በአንድነት «ነውጥ መጣጭ» ስላላቸው ሁለቱ ዓይነት ዳዶዎችም «የላይኛው ዳዶ» ተብለው ቀሩ።

የቃሉ ቅርጽም አያረካም። አማርኛ ለሥራ መሣሪያ ይበልጥ የሚወደው የመሣሪያ ስም ቅርጽን ነው፦ መፍቻ፣ መቁረጫ፣ ማጥበቂያ። «መጣጭ» የአድራጊ ቅርጽ ነው፤ ለብቻው ሲሰማ ደግሞ በቅድሚያ ትዝ የሚለን አልቅት ነው።

የሁሩሙው አባት ሥራቸውን ሲጨርሱ «ሞላው ይሸከማል፤ ሾኩ ያስታግሠዋል» አሉን። ከዚህ የተሻለ ብያኔ በመዝገበ ቃላት አላነበብንም። ሆኖም «ማስታገሻ»ን ሕክምና ቀድሞ ወስዶታል፤ «ማረጋጊያ»ም መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል ለሚይዘው ብረት ሊቆይ ይገባዋል። እኛ «ማርገቢያ» የሚለውን እናቀርባለን። «የረገበ ሞላ» ማለት የደከመ ሞላ ስለሆነ ቃሉ ያሳስታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞው ተገቢ በመሆኑም ሙሉ ስሙ «የንዝረት ማርገቢያ» ቢሆን እንመርጣለን። ሞላና ማርገቢያ ለተጣመሩበት እግር «ባለሞላ ምሰሶ» ቢባል አይከፋም። «ሾክ» የሚለውም አይሰረዝ፤ የመለዋወጫ ሻጩ የሚያውቀው እርሱን ነውና ስያሜው በመጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ በቅንፍ ይግባ።

የመምሪያውም ዐረፍተ ነገር እንዲህ መታረም አለበት፦ «ምሰሶውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትን የዙሪያ ዳዶዎች ፍታ፤ በመካከል ያለውን የማርገቢያውን ዘንግ ዳዶ ግን ሞላው በማመቂያ ሳይታሰር አትንካ።»