ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ

ባለፈው ጥር፣ በአንድ እሑድ፣ አንድ የቆየ ወዳጄ አዲስ የሠራውን ቤት ሊያሳየኝ ሱሉልታ ይዞኝ ወጣ። እንጦጦን አልፈን በጎጃም መንገድ ስንወርድ ሜዳው ተዘረጋ። እኔ የማውቀው ሱሉልታ እኩሌታው የለም። ዱሮ ረግረግ የነበረው ቦታ ግንብና ቆርቆሮ ሆኗል። ከተማዋም ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች።

ቤቱን አየሁ፣ መረቅሁ፣ ቡና ጠጣሁ። ከዚያ ወዳጄ «ና አንድ ነገር ላሳይህ» አለና ከመኪናው መቀመጫ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ዕቃ አወጣ። የአያቱ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበረች። ነበረች ያልኩት አውቄ ነው። «ርዝመቷ ሲያስቸግረኝ ብየዳ ቤት ወስጄ አስቆረጥኳት» አለኝ፣ ሱሪ እንዳሳጠረ ሰው። ከአፈሙዟ ክንድ የሚያህል፣ ከሰደፏም እኩሌታው ሄዷል።

«ቆቅ እናድናለን» ተባለ። ቆቅ ግን የለም። ከውሃው ዳር ዝዮች ይግጡ ነበር። ወዳጄ ከመኪናው ሳይወርድ፣ በመስኮት፣ ሁለቱንም አፈሙዝ አንድ ላይ ለቀቀው። አንዱ ዝይ ወደቀ። ሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ክንፋቸውን እየጎተቱ ሣሩ ውስጥ ገቡ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ እየሮጠ መጣና የወደቀውን አየው።

«ጋሼ፣ ይበላል እንዴ?»

«አይበላም።»

«ታዲያ ለምን ገደሉት?»

ወዳጄ ሳቀና ሃምሳ ብር ሰጠው። ልጁ ብሩን ይዞ ሄደ፤ ጥያቄው ግን እኛው ዘንድ ቀረ። ስንመለስ ወዳጄ መሪውን እየደበደበ «ዘራፍ!» አለ። እኔም ሳቅሁ። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ሳቅሁ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ፉከራ የኮርሱ አንድ ክፍል ነበር። ተማሪዎቼ ባዶ ጩኸት ይመስላቸው ነበር። አይደለም። ፉከራ ሒሳብ ማወራረድ ነው። ፎካሪው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት ምን እንደገደለ በሚያውቁት ሰዎች ፊት ይናገራል። ሰሚው ዳኛ ነው፤ ቢዋሽ ያፍራል። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ቅቤ ይቀባል፣ ሎቲ ወይም ጎፈር ያደርጋል። ከግዳይ የሚቆጠሩት አውሬዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ነበራቸው፤ ገዳዩንም ሊገድሉት ይችሉ ነበር። በዚያ ሒሳብ ውስጥ ወፍ የለችም።

ያ ዘመን ይመለስ እያልኩ አይደለም። እግዜር ይጠብቀን! ያው መዝገብ ሰውንም ከግዳይ ይቆጥር ነበር። ለዝሆኖቻችን መመናመንም ከጥርስ ንግዱ ጋር የራሱ ድርሻ አለው። ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ነፍስ ማጥፋት ገዳዩን አንዳች ነገር ማስከፈል አለበት። በመኪና መስኮት ተኩሶ «ዘራፍ» ማለት ይህን ግጥም አፉን ቆርጦ መጠቀም ነው።

ደግሞስ መሣሪያው? የወፍ ጠመንጃ አንድ ጥይት አይተፋም፤ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እርሳስ ይረጫል። ብዙውን ጊዜ አፈሙዙ ጫፉ ላይ በመጠኑ ይጠባል። ያ ጥበት እርሳሱ ቶሎ እንዳይበተን ይሰበስበዋል። ብረቱ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሄደው ይኸው ነው። የዘመኑ ባሩድ ቶሎ ነዶ ስለሚያልቅ ጉልበቷ ያን ያህል አይቀንስም፤ የሚጠፋው ልኳ ነው። ረጅሙ ብረት ከበራሪዋ ወፍ ጋር እኩል እየዞረ ለዓይን መሥመር ይሰጥ ነበር፤ እሱም ቀረ። ስለዚህ የተቆረጠች ጠመንጃ ከቅርብ ትበጣጥሳለች፣ ከሩቅ ታቆስላለች። ጨርሳ የምትገድለው ጥቂት ነው። «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለው ተረት የመጣው ዱላ ወርውሮ ቆቅ ከሚስት አዳኝ ነው። ዱላ ሲስት ግን ቆቋ በሙሉ ክንፏ ትበራለች። ይህቺ ስትስት ክንፍ ሰብራ ነው።

እርሳሱም እዚያው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ወፍ ጥርስ ስለሌላት እህሉን የሚፈጭላት ጠጠር ትውጣለች፤ እርሳሱንም ጠጠር መስሏት ትውጠውና ትመረዛለች። አሜሪካኖች ለውሃ ወፍ አደን የእርሳስ ጥይትን በ1991 እ.ኤ.አ. በመላ አገራቸው የከለከሉት፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 በረግረግ ቦታዎች ያገደው ለዚህ ነው። እነዚያው አሜሪካኖች ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆረጠ የአደን ጠመንጃን በጥብቅ ይቆጣጠራሉ። አፈሙዙ ከ46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካነሰ ልዩ ምዝገባ ያስፈልገዋል። ይህን ያደረጉት ለወፍ አዝነው እንዳይመስላችሁ። ከካፖርት ሥር የሚደበቅ ጠመንጃ የወንበዴ መሣሪያ ስለሆነባቸው ነው። ረጅም ጠመንጃ የያዘን ሰው አገር ያየዋል። ከመቀመጫ ሥር ያለውን ማን ያየዋል?

በእኛም አገር ሕግ አለ። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም ወጥቷል፤ አደን በፈቃድ ነው። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም ወጥቷል፤ ጠመንጃም በፈቃድ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን የሱሉልታን ዝይ እስከ ዛሬ ያቆየው አዋጅ ሳይሆን የገበሬው «አይበላም» ነው። ያ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ ከአገራችን ደጋ ውጭ የትም አይኖርም። ገበሬው ቆቅና ጅግራ ይበላል፤ ዝይ አይነካም። የማይበላውን አይገድልም። እህሉን ከወፍ ሲጠብቅም ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ያጮኻል፤ ፍላጎቱ ወፏ እንድትሄድ ነው። የልጁ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሕግ ነው። ወዳጄ ባለ ዲግሪ ነው፤ ይህን ሕግ አያውቀውም።

አደን ሁሉ ነውር ነው አልልም። ቱርጌኔቭ በ1852 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአዳኝ ማስታወሻዎች ተራኪው ወፍ አዳኝ ነው። ጠመንጃውን ይዞ በእግሩ ሲዞር ከጭሰኞች ጋር ያድራል፣ ኑሯቸውን ይሰማል። መጽሐፉ ወፍ ሊያድን ወጥቶ ሰው አግኝቶ የተመለሰ ሰው ታሪክ ነው፤ የሩሲያ ጭሰኞች ነፃ ይውጡ የሚለውን ስሜት ካበረቱ ሥራዎች አንዱ እንደሆነም ይነገርለታል። አደኑ ያን ሁሉ ያሳየው በእግሩ ስለ ሄደ ነው። የእኛ አዳኝ ከመኪናው አልወረደም። ልጁንም ያየው መስኮቱ ሥር ሲቆም ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ረግረጉን ያደረቀው ፋብሪካና ቪላ እያለ በአንዲት ቁራጭ ጠመንጃ ትነታረካለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። በዓለም ላይ በጽኑ የመጥፋት አደጋ ካሉት ወፎች አንዷ የሆነችው ነጭ ክንፍ ያላት የረግረግ ወፍ ከታየችባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሱሉልታ ነው። እሷን የሚያጠፋት ከጥይት ይልቅ የረግረጉ መድረቅ ነው። ግን ሰው ቤት ያስፈልገዋል፣ ሥራ ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ጥፋት ቢያንስ ምክንያት ይቀርባል፣ በምክንያቱም ላይ እንከራከራለን። ለዝዩ ምን ምክንያት እናቅርብ? ደግሞም ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ረግረጉን በአንድ ክረምት ደፍኖ ካርታ የሚያወጣና የአያቱን ጠመንጃ ለመኪናው ወንበር የሚያስቆርጥ ሰው አንድ ዓይነት ችኮላ አላቸው። ነገሩ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተሠራ አይጠይቁም። ካልመቻቸው ይቆርጡታል።

ወዳጄ ሆይ፣ ይህን አምድ እንደምታነብ አውቃለሁ። ስምህን አልጠራሁም፣ አልጠራምም። ምናልባት ትቀየመኛለህ። ያን ዕለት ፊት ለፊት ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ቡናህን ጠጥቼ፣ «ዘራፍ» ስትል አብሬህ ስቄ፣ አሁን በጋዜጣ መንገሬ ነውር ነው። ይህም የእኔ ምዝግዝግ ነው። ቢሆንም ጠመንጃዋን ወስደህ ለሚመለከተው አስረክብ። ዛሬ ከመቀመጫህ ሥር ያለችው፣ ነገ ልጅህ የሚያገኛት ናት።

ልጁንም ካገኘኸው ንገረው። «ለምን ገደሉት?» ላለው መልስ የለንም በለው።