ጽሑፉን በመዳፍዎ ይሸፍኑት

የጋዜጣ ካርቱን ሳገኝ መጀመሪያ ጽሑፉን በመዳፌ እሸፍናለሁ። ሥዕሉ ብቻውን ካሳቀኝ ሠዓሊው ሥራውን ሠርቷል። ቦርሳ ላይ «ሙስና» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ሙሰኛ ቦርሳውን እንዴት አቅፎ እንደሚሄድ ልብ ብሎ አላየም።

ይህ ፈተና መተማ ዮሐንስ ላይ ይከብዳል። እኛ ከግራ እናነባለን፤ ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳኗ ገላባት፣ ዐረብኛ አንባቢው ከቀኝ ይጀምራል። ከአህያ የሚወድቅ ሰው በአራት ሣጥን ይሣል። ለአንዳችን ሰውየው ይወድቃል፤ ለሌላው አቧራውን አራግፎ ይወጣል! ጎበዝ ሠዓሊ የአህያውን አፍንጫና የሰውየውን ዐይን ወደ ቀጣዩ ሣጥን ስለሚያዞር ፊደል ያልቆጠረም መንገዱ አይጠፋውም።

የሱዳን ዘፈን የሚወድ ሰው ሸርሐቢል አሕመድን ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ኦምዱርማን የተወለደው «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ»። ሠዓሊነቱን የሚያውቅ ግን እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በተጀመረው «አል ሲብያን» የልጆች መጽሔት ላይ «ዐምክ ታንጎ»ን፣ አጎትህ ታንጎን፣ የሣለው እሱ ነው። ሙዚቀኛ ካርቱን መሣሉ አይደንቀኝም። ሳቁ የሚመጣው በሁለት ሣጥኖች መካከል ካለችው ባዶ ቦታ ነው፤ እሷን ማስረዘምና ማሳጠር ደግሞ የምት ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሱዳኑን ጦርነት ሸሽተው በመተማ ከገቡት መካከል የታንጎን ስም ሲሰማ ፈገግ የሚል ሽማግሌ አይጠፋም ብዬ አስባለሁ።

እኛስ? ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ከዚህ ሙያ በምን ይለያል? ገና ከመነሻው ዘንዶ አለ፤ ዘንዶውን የሚገድለው ሰው ቁልቋል ያበላውን ፍየል ይሰጠዋል። እኔ ሥዕሉን የምመዝነው በፍየሉ ነው። ለቱሪስት በጥድፊያ በተገለበጠው ላይ ፍየሉ እንደ ጆንያ ቆሟል። በደህናው ሥራ ላይ ግን ምንም ሳይጠረጥር ያመነዥጋል፤ መርዙን የምናውቀው እኛና ሠዓሊው ብቻ ነን።

የነባሩ አሣሣል ደንብ ደግ ሰው በሁለት ዐይን፣ ጠላት በጎኑ፣ በአንድ ዐይን ይሣል ይላል። በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን የመተማ ጦርነት ለሚሥል ሰው ደንቡን መጠበቅ ቀላል ነው። እኔ የምጠይቀው ያ አንድ ዐይን ምን እንደሚያይ ነው። ፈረሱን? ዘውዱን? ወይስ ዝም ብሎ የተጣለ ነጥብ ነው?

የመተማን ሙቀት የሚያሳይ አንድ ሥዕል አምሮኛል፤ እስካሁን አላየሁትም። የቆላን ሙቀት በላብ ጠብታ የሚሥል ሰነፍ ነው። ሚያዝያ፣ ቀትር ላይ፣ የቆመ የጭነት መኪና፤ ጥላው አንድ ክንድ አይሞላም። ነጋዴው፣ ፖሊሱ፣ ደላላው፣ ውሻው ተጣብቀው ተደርድረዋል። ጆንያውን የተሸከመው ሰው የት እንደቆመ ያሳየኝ።