የአብነት ትምህርት ቤት ኑሮና የኪራይ ቤት ተማሪ

ስለ አብነት ትምህርት ቤት በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ያዘነብላል። አንዱ ወገን የቃል ጥናቱንና የልምጩን ቅጣት ብቻ አንሥቶ ይነቅፈዋል፤ ሌላው የአገር በቀል ጥበብ ምንጭ መሆኑን አውስቶ ያሞግሰውና በዚያው ያበቃል። ሁለቱም የሚመረምሩት ትምህርቱን ነው እንጂ ኑሮውን አይደለም። የመንግሥት በጀት፣ ደመወዝተኛ መምህርና የተሠራ ማደሪያ ሳይኖረው ለብዙ ዘመን ሊቃውንትን ያፈራ ሥርዓት በምን ቆመ የሚለው ጥያቄ ግን ለዛሬው መምህርና ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ነው።

አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ የጻፉትና መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ የታተመው አጭር መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በየደረጃው ከንባብ ቤት ጀምሮ ያስረዳል። ጥቅሙ ታላቅ ነው፤ ሥርዓቱን የሚያውቀው ሊቅ ራሱ ተናግሮበታልና። ይሁን እንጂ ደረጃ በደረጃ የተዘረዘረ ትምህርት የትምህርት ቤቱን ሙሉ መልክ አያሳይም። ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔና ትርጓሜ ተብሎ የተቆጠረው መንገድ በተማሪው እግር ሲለካ ሌላ ነገር ይሆናል። የስሜን ልጅ ዳዊት ከደገመ በኋላ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዋድላ፣ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ወደ ጎንደር ይጓዛል። መምህሩን የሚመርጠው በዝናው ነው፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ይሄዳል። ገብስ ዋና አዝመራው በሆነ ደጋ የተወለደ ልጅ «የቆሎ ተማሪ» መባሉ እንግዳ አይመስለውም ይሆናል።

የዚህ ኑሮ ዋና ምሥጢር በቅኔ ቤት ይታያል። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው በዓመት ቁጥር ሳይሆን በችሎታው መጠን ነው። መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ ይሰማል፣ ምሥጢሩን ይመረምራል፤ ከዚያም ብቻውን ገለል ብሎ የራሱን ያስባል። ያሰበውንም ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ሰዋስዉ ወይም ምሥጢሩ ከተሳሳተ ይታረማል። አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው። ትናንት የተማረውን ዛሬ ለታናሹ ያስተምራል፤ ሲያስተምርም የራሱን ጉድለት ያገኛል። በአንድ መምህር ዙሪያ ብዙ ተማሪ ሊሰበሰብ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። «ትምህርቱ ሁሉ ሽምደዳ ነው» የሚለው ነቀፌታም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የሌላውን ቅኔ የደገመ ተማሪ ቅኔ አውቋል አይባልምና።

ማኅበሩም እንዲሁ ነው። ጎጆውን ተማሪዎች ራሳቸው ይሠራሉ፤ እንጨትና ውኃ ያመጣሉ፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው የለመኑትን ይመገባሉ። ገበሬው የሚሰጠው ቁራሽ በሌላ አነጋገር የትምህርት ቤቱ በጀት ነው፤ ሰጪው ራሱ ፊደል ላይቈጥር ይችላል።

ይህን ሁሉ ብሎ ማቆም ግን ከአሞጋሾቹ ወገን መሆን ነው። ረኀቡ፣ በሽታውና የደጋው ውርጭ ያስቀራቸው ልጆች በሊቃውንት ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከብዙ የትምህርት ጥናት የሚበልጠው በዚህ ነው። በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ወላጆቹ በስለት ነው፤ የሕይወቱ መንገድ የተወሰነው እርሱ ሳይጠየቅ ነው። ትምህርቱ አእምሮውን አሰፋለት፤ የሰፋው አእምሮ ግን ከስለቱ ጋር ተጋጨ። ሰብለ ወንጌልም ፊደል የደረሳት መምህሩ ወደ አባቷ ቤት ስለ ተጠራ ነው፤ እርሷ ወደ ጉባኤው አልሄደችም። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያለች የቅኔ መምህርት በጎጃም መነሣቷ በሩ ለሴቶች ክፍት እንደ ነበረ አያስረዳም፤ አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ።

እንግዲህ ጉዳዩ ከአምባራስና ከመሰሎቹ የስሜን ቀበሌዎች ያለውን ልጅ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የገጠር ተማሪ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ደባርቅና ዳባት ወዳሉ ከተሞች ሲሄድ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስንቁን ከቤቱ እያመላለሰ ይኖራል። ከቤት መራቁ፣ ራስን በራስ መመገቡ፣ ለብዙ ልጆች አንድ መምህር መሆኑ የቆሎ ተማሪውን ኑሮ ይመስላል። የጎደለው ጉባኤው ነው። አስነጋሪ የለውም፤ ማታ የተማረውን የሚሰማው፣ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ስንቁ ሲያልቅ የሚያካፍለው በሥርዓት የተመደበ ታላቅ የለም። ሴቷ ተማሪ ስትሆን ደግሞ ችግሩ በጥናት ብቻ አይወሰንም፤ የክፍሏ በር መቈለፉ ራሱ ጥያቄ ነው።

ዕቅድ አውጪዎች ከአብነት ትምህርት ቤት ሊወስዱ ሲያስቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመኙት ይዘቱን፣ ይኸውም ግዕዙንና ቅኔውን ነው። ይህ የማይጠላ ቢሆንም መምህርና መጽሐፍ ይጠይቃል። የአስነጋሪውን ሥርዓት ለማቋቋም ግን የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በየኪራይ ቤቱ ለዘጠነኛ ክፍል ገቢዎች መመደብ፣ የሥራቸውንም ዋጋ በውጤታቸው መቁጠር። ለዚህ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ተማሪዎቹ ወዴት እንደሚያድሩ በመዝገብ መያዝ ይኖርበታል።