«አንጠልጥሎ ተዋት» ወይስ «ተንጠላጠለችበት»?

ባለፈው ዕትማችን ስለ ዐረብኛው ሥር «ዐ-ለ-ቀ» የወጣችው አጭር ጽሑፍ በሰፈሩ ብዙ አነጋግራለች። ጸሐፊው ዐረብኛን ከገበያና ከራሽን ሰልፍ አሻግረን እንድናየው መድከማቸው ያስመሰግናቸዋል። ሆኖም ሁለት ነገር አበላሽተዋል። አንደኛው ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ግን በሰው ላይ የሚፈርድ በመሆኑ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ቀላሉን እናስቀድም። ሱዳኖች ማንኪያን «መዕለጋ» ይሉታል። ጸሐፊው ምግብ ስለሚጣበቅበት ከ«ዐለቀ» ወጣ ብለዋል። አልወጣም። የመጽሐፉ ዐረብኛ «ሚልዐቃ» ነው፤ ሥሩም «ለ-ዐ-ቀ»፥ ትርጉሙ ላሰ ማለት ነው። በአፍ ሲነገር «ለ» እና «ዐ» ቦታ ተለዋወጡ፤ ሱዳኖች ደግሞ «ቀ»ን «ገ» ስለሚያደርጓት መዕለጋ ሆነ። ማንኪያ የሚላስ እንጂ የሚጣበቅ አይደለም።

በጆሮ ብቻ ሥር መማስ እንዲህ ያስታል። በእኛም ቋንቋ «አለቀ» እና «አልቅት» የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። በግእዝ ግን ፊተኛው «ኀልቀ»፥ ኋለኛው «ዐለቅት» ነው፤ አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ስለ ደባለቀ ነው ወንድማማች የመሰሉን። ከዐረብኛው ሥር ጋር የሚዛመደው አልቅት ብቻ ነው። ዐረቡ «ዐለቅ» ይለዋል፤ ዕብራይስጡም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 30 «ዐሉቃ» ይላል። ከበሬ ምላስ ሥር አልቅት ያላቀቀ እረኛ የዚህን ሥር ትርጉም መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ያውቀዋል።

በ1004 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢብን ፋሪስ የሥሩን መነሻ ወደ አንድ ሐሳብ ይመልሰዋል፤ ይኸውም አንድ ነገር ከበላዩ ባለ ነገር ላይ መያያዙ ነው። መጣበቅም መንጠልጠልም ከዚሁ ይወጣሉ። ቁርኣን በምዕራፍ 96 ሰው የተፈጠረበትን «ዐለቅ» ሲል ብዙ ተርጓሚዎች «የረጋ ደም» ብለውታል። ትርጉሙ ከጥንት የቆየ ነው፥ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ደም ሲባል መያያዙ ይጠፋል። «ተጣባቂ» የሚለው ለሥሩ ይቀርባል።

ሙዐለቃት ስለሚባሉት የጥንት ግጥሞች ጸሐፊው የተረኩት፥ በወርቅ ተጽፈው በካዕባ ላይ ተሰቀሉ የሚለው፥ መልካም ተረት ነው። ግጥሞቹን የሰበሰበው በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐማድ ነው ይባላል። ግብጻዊው የሰዋስው ሊቅ አን-ነሓስ (በ950 ያረፈው) የመሰቀሉን ወሬ ያኔውኑ አልተቀበለውም። ከዚሁ ሥር «ዒልቅ» የሚል ቃል አለ፤ ልብ የሚይዝ ውድ ዕቃ ማለት ነው። ስሙን ከዚህ የሚያወጡትም አሉ። ተረቱ ከስሙ ተወልዶ ይሆናል እንጂ ስሙ ከተረቱ መወለዱ ያጠራጥራል።

አሁን ወደ ከባዱ። ጸሐፊው «ሙዐለቃ»ን ባሏን ሙጥኝ ያለች፥ የሄደውን ወንድ የማትለቅ ሴት ብለው ፈቱት፤ ፈገግ የሚያሰኝ ምሳሌም ከሰፈሩ ጨመሩበት። በጽሑፍ ክበባችን የሳቁ ነበሩ። ያልሳቁም ነበሩ።

ሰዋስው ግን ከዚህ ጋር አይስማማም። «ሙዐሊቅ» በ«ሊ» ሲሆን ሰቃይ፥ አንጠልጣይ ነው፤ በሬዲዮ ኳስ የሚያስተላልፈውም በዚሁ ስም ይጠራል፥ አስተያየቱን በጨዋታው ላይ ያንጠለጥላልና። «ሙዐለቃ» በ«ለ» ሲሆን ግን ድርጊቱ የተፈጸመባት ናት፤ ሌላ ሰው ያንጠለጠላት። ራሷ የተንጠላጠለች ለማለት ዐረቡ ሌላ ቃል አለው፤ «ሙተዐሊቃ»። ጸሐፊው ሁለቱን ቀላቅለው ጥፋቱን ከአንጠልጣዩ አንሥተው በተንጠለጠለችው ላይ ጣሉት።

ቃሉ የሚገኝበትን ቦታ ቢያዩ ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። ቁርኣን በምዕራፍ 4 ቁጥር 129 የሚናገረው ከአንድ በላይ ሚስት ላላቸው ወንዶች ነው፤ ወደ አንዲቱ ፈጽመው አዘንብለው ሌላይቱን እንደ ሙዐለቃ እንዳይተዉአት ይከለክላል። ተርጓሚዎቹ ባል ያላትም አይደለች፥ የተፈታችም አይደለች ብለው ያብራሩታል። ተወቃሹ ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። በሰፈራችን ባሏ ድንበር ተሻግሮ ደብዳቤም ፍችም ያልላከላት ሴት ስንት ናት? የራሽን ካርዷ ላይ ስሙ አለ፤ ጎጆው ውስጥ እሱ የለም። ይህችን «አትለቅም» ማለት ስድብ ብቻ አይደለም፤ የትርጉም ስሕተት ነው።

«ሙጥኝ»ም ቢሆን ለመሳለቂያ ባይውል መልካም ነበር። በአገራችን የተሳደደ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከታላቅ ሰው ደጅ ደርሶ ሙጥኝ ሲል ጥግ ያገኝ ነበር። የዚህ የትርጉም ጓደኛ የሆነው «ተማፀነ» ከግእዙ «ሐፀነ» ይወጣል፤ «ሕፃን» እና «ማሕፀን» እኅቶቹ ናቸው፤ ዐረብኛውም «ሑድን» ሲል እቅፍ ማለቱ ነው። እኛስ እዚህ በምን ቃል ገባን?

ሙዐለቃን በአማርኛ ለመፍታት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ነገሩን አንጠልጥሎ ተወው» እንል የለምን? ጽሑፏ በእጅ እየተገለበጠች ከሰባት ብሎክ በላይ ደርሳለችና፥ ቅጂው ያላችሁ «ሙጥኝ ያለች» የሚለውን ሰርዛችሁ ከአጠገቡ «አንጠልጥሎ የተዋት» ብላችሁ ጻፉበት።