የሕዝብ ሣር፣ የባሕር ሾርባ

ለመንገደኛ ጎልፍ ተጫዋች ጥሩ ሜዳ ማለት አጥሩ የረዘመው ሳይሆን የአገሬው ሰው በመብቱ የሚረግጠው ነው። ለዚህ ከስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ኦልድ ኮርስ የተባለው ሜዳ የተዘረጋበት የባሕር ዳር መሬት አሸዋማ በመሆኑ ለማረሻ አይመችም፤ ከብትና ተጫዋች ግን ይችላል። ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በ1552 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሰነድ የከተማው ሕዝብ እዚያ የመጫወት መብቱ ታወቀለት። ዛሬም ሜዳው የማንም ክለብ ርስት አይደለም። እሑድ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ ይቆምና ቤተሰብ ከነልጁ፣ ከነውሻው ይንሸራሸርበታል። እንዴት ያለ ደግ ሥርዓት ነው!

ውድ ነው የሚል ሰው አልተሳሳተም። ኦልድ ኮርስ ለእንግዳ ርካሽ አይደለም፤ ተራ ለማግኘትም ብዙዎች ዕጣ ይጠብቃሉ። ነገር ግን ኦልድ ኮርስን የሚመራው ባለአደራ ድርጅት የሚያስተዳድረው ባለ 9 ጉድጓዱ ባልጎቭ ለጀማሪና ለልጆች በአነስተኛ ክፍያ ክፍት ነው።

ከሜዳው ቀጥሎ እንግዳውን የሚጠብቀው የአካባቢው ምግብ ነው። ምግቡን ከጨዋታው ምን አገናኘው ለሚል፣ መልሱ ባሕሩ ነው። ነፋሱ ኳስ ከሚያስተው ከዚያ ባሕር የሚወጣው ሃዶክ የተባለ ዓሣ በጭስ ይታጠንና ከድንች፣ ከሽንኩርትና ከወተት ጋር ተቀቅሎ ከለን ስኪንክ የሚሉት ወፍራም ሾርባ ይሆናል። ከቴይ ወንዝ ማዶ ባለችው አርብሮዝ ደግሞ ሃዶኩ ሁለት ሁለት እየሆነ በጅራቱ ይታሰራል፣ በጠንካራ እንጨት ጭስ ላይ ተሰቅሎ ይበስላል፣ ትኩሱን በእጅ ይበላል።